የማህበራችሁን ፕሮግራም የት ታሳዩት? ለትናንሽ ዌብሳይቶች የሚሆኑ ነፃ ካሌንደሮች ሲነጻጸሩ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የሰፈር ንባብ ቤት "ዌብሳይታችንን እስኪ እይልን" ብሎ ጠራኝ። ከፊት ገጹ ላይ ትልቅ፣ ያማረ የወር ካሌንደር ተለጥፏል። ሳጥኖቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረግኩት። የመጨረሻው ዝግጅት የተመዘገበው ከሰባት ወር በፊት ነው። ያን ቀን ግን ግቢው በልጆች ተሞልቷል፤ ተረት ሊሰሙ የመጡ ናቸው። ዝግጅት ሞልቶ ተርፏል። የጠፋው መዝጋቢ ነው። ካሌንደሩን የሠራላቸው ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ፓስወርዱም አብሮት ሄዷል።

ባዶ ካሌንደር ጭራሽ ካሌንደር ከሌለው ገጽ ይብሳል። ያየው ሰው "እነዚህማ ተዘግተዋል" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝናቸው። ማን ይሞላዋል? በምን ስልክ? ያ ሰው ቢሄድስ ማን ይተካዋል? ቀለሙና ቅርጹ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የኛ ቀን

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላይ ቆም እንበል። የማነጻጽራቸው ነፃ ካሌንደሮች የተሠሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እኛ ጎንደር ደግሞ ቀጠሮ የምንይዘው በመስከረምና በጥር፣ በሚካኤልና በማርያም ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። እኔ ካየኋቸው የተበላሹ ካሌንደሮች አብዛኞቹን ያበላሸው ግን እሱ ነው።

ጥምቀትን እንውሰድ። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ። ጥር 11 ጥምቀት ነው። በአብዛኛው ዓመት ይህ ቀን ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው ታዲያ ጃንዋሪ 19 ላይ ይመዘግብና "በየዓመቱ ይደገም" ብሎ ይተወዋል። በ2016 ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን ነበር። በ2020ም ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ላይ ነው። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ትሆናለች። ያኔ መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ ድረስ በአንድ ቀን ይዘገያል። ከባለ ስድስት ቀኗ ጳጉሜን ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ካሌንደራችሁን አምኖ ትኬት ቢቆርጥ፣ ጥምቀት ብሎ የሚደርሰው በከተራው ቀን ነው ማለት ነው። ለሱ ባይከፋም ሆቴሉን በልክ ይዞ ከሆነ ዋናውን ቀን ሊያመልጠው ይችላል።

ገና ግን ይህ ችግር የለበትም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ ይከበራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ይሆናል። እሱን በየዓመቱ እንዲደገም ብታደርጉት አይሳሳትም።

ፋሲካን በፍጹም እንዲደገም አታድርጉ። በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው። ከፋሲካ ጋር የሚንቀሳቀሱትንም፣ ዐቢይ ጾምንና ዕርገትን የመሰሉትን፣ በየዓመቱ አዲስ አድርጋችሁ ጻፉ። ኢድም በጨረቃ ስለሆነ አስቀድማችሁ "የሚጠበቅ" ብላችሁ መዝግቡና ሲታወጅ አስተካክሉት።

ወርሃዊው ነገር ከሁሉም በላይ ይሸውዳል። ማህበራችሁ የሚሰበሰበው በሚካኤል፣ በየወሩ በ12 ነው እንበል። መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22 ላይ ሲውል "በየወሩ በ22 ይደገም" ብትሉት፣ ጥቅምት ላይ ልክ ይመጣል። ህዳር ላይ ግን 13 ላይ ያርፋል። ህዳር ሚካኤልን በማግስቱ ልታከብሩ ነው። የካቲት ላይ ጭራሽ 15 ይደርሳል።

መፍትሄው ቀላል ነው። የኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው። ስለዚህ "በየወሩ" የሚለውን ትታችሁ "በየ30 ቀኑ ይደገም" በሉት። ከመስከረም 12 ጀምሮ 12 ጊዜ ከተደገመ በኋላ እንዲያቆም አድርጉ። ነሐሴ 12 ላይ በትክክል ያበቃል። ጳጉሜን ቆጠራውን ስለምትሰብረው በአዲሱ ዓመት መስከረም ላይ እንደገና ትጀምራላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ዘዴ ጎግል ካሌንደር ላይ ስጠቀም ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳተም።

ሰዓቱም ወጥመድ ነው

አንዲት ጓደኛዬ የስብሰባ ጥሪ "3 ሰዓት" ተብላ በካሌንደሩ ላይ 3፡00 ብላ አስገባች። ለካሌንደሩ ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ውጭ አገር ያሉ አባላት ግራ ገብቷቸው ደወሉ።

ካሌንደሩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። "ኤኤም"ና "ፒኤም" የሚሉት ነገር ከመሃል ይወጣል። ከዚያ ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፡00 ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 14፡00 ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያለውን ደግሞ በቃል ያዙት፦ 12 ሰዓት 18፡00፣ 1 ሰዓት 19፡00፣ 2 ሰዓት 20፡00 እያለ ይሄዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ 6 ቀንሱ። እዚህ ላይ ግን ቀኑን ልብ በሉ። "ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" የሚባል ማኅሌት በካሌንደር ላይ እሁድ 2፡00 ነው። ቅዳሜ ብሎ የመዘገበ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ያስቀድመዋል።

የጊዜ ቀጠናውንም አስተካክሉ። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ። ያው አንድ ነው፣ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ አገር ሰዓት በክረምትና በበጋ አይቀያየርም። አሜሪካ ግን ይቀያየራል። ጎንደር ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀመር የኢንተርኔት ስብሰባ ዋሽንግተን ላይ አንዳንዴ 1፡00፣ አንዳንዴ 2፡00 ይሆናል። ካሌንደር ይህን ልዩነት ራሱ ያስተካክላል። አባሎቻችሁ ግማሾቹ ውጭ ከሆኑ፣ ለኔ ትልቁ የካሌንደር ጥቅም ይሄ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው።

በእጅ የሚጻፍ ገጽ

ሰው ሁሉ የሚንቀው፣ እኔ ግን ከልቤ የምደግፈው አማራጭ ነው። በዌብሳይታችሁ ላይ "ፕሮግራሞች" የሚል ገጽ ትከፍታላችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ርዕስ ትጽፋላችሁ። አለቀ። "ቅዳሜ ጥር 16፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ጃን ተከል ፊት ለፊት" ብላችሁ በራሳችሁ አነጋገር ታሰፍራላችሁ። የመቀየር ጣጣ የለም።

ሌላ ጥቅምም አለው። ቀላል ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ካሌንደር ነጭ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ጽሑፍ ግን ይከፈታል። ሰዉ በብዛት የሚያየው በሞባይል ዳታ ነው፤ ብሩን ልንቆጥብለት ይገባል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ያለፈው ዝግጅት በራሱ አይነሳም። አስታዋሽ አይልክም። አንባቢው ወደ ራሱ ስልክ ካሌንደር ሊወስደው አይችልም። ዌብሳይቱን የሚያርመው ሰውም አንድ ብቻ ከሆነ የንባብ ቤቱ ታሪክ ይደገማል። በወር ከአንድ ሁለት በላይ ዝግጅት ለሌለው ማህበር ግን ከዚህ በላይ አትድከሙ።

ጎግል ካሌንደር

ዝግጅታችሁ በሳምንት አንድም ሁለትም ከሆነ፣ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። ነፃ ነው። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የጂሜይል አካውንት አለው። ስለዚህ ፀሐፊዋ ከአዘዞ ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ ብታስገባው፣ ዌብሳይቱ ላይ ራሱ ይታያል። ዌብሳይቱን መክፈት፣ መግቢያ ፓስወርዱን ማወቅ አያስፈልጋትም። ለትንሽ ማህበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚሞላውን ሰው ሥራ ያቀልላል።

አሠራሩ ረጅም አይደለም፣ ግን ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል።

የመጀመሪያው፣ የግል ካሌንደርን መለጠፍ ነው። አታድርጉት። የሐኪም ቀጠሯችሁ ለዓለም ይታያል። በማህበሩ ስም አዲስ ጂሜይል ክፈቱ፣ ከዚያ ውስጥ አዲስ ካሌንደር ፍጠሩ። ይህን ማዋቀር በኮምፒውተር አድርጉት፤ ኢንተርኔት ካፌም ቢሆን ይበቃል። ከካፌ ስትወጡ ግን ከአካውንቱ መውጣታችሁን አረጋግጡ።

ሁለተኛው፣ ለሕዝብ ክፍት አለማድረግ ነው። "ሴቲንግስ ኤንድ ሼሪንግ" የሚለው ውስጥ "ሜክ አቬይለብል ቱ ፐብሊክ" የሚል አለ። እሱ ካልተነካ እናንተ ስታዩት ካሌንደሩ ይታያል፣ ሌላው ሰው ግን ምንም አያይም። እናንተ አካውንቱ ውስጥ ስለሆናችሁ ነው የሚታያችሁ። ሁልጊዜ አካውንት በሌለው ስልክ ፈትኑት። ዝርዝሩ ሁሉ እንዲታይ መፍቀዳችሁንም እዩ፤ አለበለዚያ "ቢዚ" የሚል ቃል ብቻ ይወጣል።

ሦስተኛው መጠን ነው። "ኢንተግሬት ካሌንደር" ከሚለው ሥር አግኝታችሁ ዌብሳይታችሁ ላይ የምትለጥፉት ኮድ ስፋቱ 800 ተብሎ ይመጣል። ስልክ ላይ ግማሹ ከስክሪን ውጭ ይሆናል። 800 የሚለውን አጥፉና 100 በመቶ አድርጉት። እዚያው "ከስተማይዝ" በሚለው ገብታችሁም ከወር እይታ ወደ "አጀንዳ" ቀይሩት። የወር ሳጥን በኮምፒውተር ያምራል፤ በስልክ ግን ጽሑፉ ተቆርጦ አይነበብም። አጀንዳ ዝግጅቶቹን ተራ በተራ ይዘረዝራል። ደግሞም ባዶ ሳጥን አያሳይም፤ ሁለት ዝግጅት ቢኖራችሁ ሁለቱ ብቻ ይታያሉ።

የኛ ቀንስ? ርዕሱ ውስጥ ጻፉት። "ሚያዝያ 10 | የተረት ቀን | ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ብላችሁ ጀምሩ። ካሌንደሩ በጎን የፈረንጁን ቀን ያሳያል፣ ርዕሱ የኛን ይናገራል። ሁለቱ ካልተገናኙ አንባቢው ራሱ ደውሎ ይነግራችኋል። እንዲህ በመጻፍ ብቻ ብዙ ስህተት ተይዟል።

የሚጎድለው ምንድን ነው? በዚህ መንገድ የተለጠፈ ዝግጅት በጎግል ፍለጋ ላይ የናንተ ገጽ ሆኖ አይወጣም። ፎቶና ረዥም ማብራሪያ በወጉ አያሳይም። መልኩንም እንደልባችሁ መቀየር አትችሉም። ለሠፈር ማህበር ይህ አያሳስብም። ቱሪስት ለሚጠብቅ ግን ያሳስባል። ወደዚያው ልሂድ።

ዌብሳይት ጭራሽ የሌላችሁ ከሆነ፣ ጎግል ሳይትስ የሚባለውን እዩት። እሱም ነፃ ነው። ካሌንደሩን ያለ ምንም ኮድ ታስገቡበታላችሁ።

የዎርድፕረስ ፕለጊኖች

ዌብሳይታችሁ ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ከተሠራ "ዘ ኢቨንትስ ካሌንደር" የሚባለውን ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ሰው ሁሉ ይመክራችኋል። ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ዝግጅት የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ ከነፎቶው፣ ከነቦታው። ጎግል ፍለጋም ዝግጅት መሆኑን እንዲያውቅ የሚያደርግ መረጃ ከገጹ ጋር ያያይዛል። ለከተራ የእንግዳ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ የአስጎብኚዎች ማህበር ካላችሁ፣ ወይም ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን የሚያዞር ጉዞ የምታሰናዱ ከሆነ፣ ይሄ ነው የሚጠቅማችሁ። ሰው ከጀርመን ሆኖ ሲፈልግ የሚያገኘው ገጽ ያስፈልጋችኋል።

ነፃ የሚለውን ቃል ግን በደንብ እንመርምረው። ፕለጊኑ ነፃ ነው። ፕለጊን የሚጫንበት ዎርድፕረስ ግን ሆስቲንግ፣ ማለትም ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ፣ ይፈልጋል፣ እሱ በየዓመቱ ይከፈላል። ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ በነፃ የተከፈተ ዌብሳይት ፕለጊን አይቀበልም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ግማሽ ቀን ከደከመ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ "ዘ ኢቨንትስ ካሌንደር" ተደጋጋሚ ዝግጅት የሚፈቅደው በሚከፈልበት ዓይነቱ ነው። በነፃው የሚካኤሉን ስብሰባ 12 ጊዜ ለየብቻ ታስገባላችሁ። እርግጥ ከኤክሴል በተቀመጠ ዝርዝር አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል። እንደውም ለኛ አቆጣጠር እሱ ሳይሻል አይቀርም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ቀኑን አንድ በአንድ አረጋግጣችሁ ታስገባላችሁ። መደጋገሙን የግድ የምትፈልጉት ከሆነ "ኢቨንትስ ማናጀር" የሚባለው ሌላ ፕለጊን በነፃው ውስጥም አለው። ቦታ ማስያዣም አለው። አቀማመጡ ግን ለጀማሪ ከበድ ይላል።

ሦስተኛ፣ ፕለጊን መታደስ አለበት። አዲስ እትም ሲወጣ ካላደሳችሁት ዌብሳይቱ ለሰርጎ ገብ ክፍት ይሆናል። ይህን በየወሩ የሚከታተል ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ ፕለጊን አትጫኑ። ይህን የምለው ፕለጊኑን ጠልቼ አይደለም። ሳይታደስ የቆየ ዌብሳይት ተሰርጎ ገብቶበት የማህበሩ ስም ባለበት ገጽ ላይ የቁማር ማስታወቂያ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ያን ቀን የነበራቸው ፊት አይረሳኝም።

ቲምአፕ

ቲምአፕ የሚባለውን የኢንተርኔት ካሌንደር ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ጠባይ ስላለው ነው የማነሳው። የሚጠቀምበት ሰው አካውንት መክፈት የለበትም፤ ሊንክ ብቻ ይላክለታል። አንዱ ሊንክ ለማየት ብቻ ነው፣ ሌላው ለመጻፍ ነው። በሥሩም በቀለም የተለዩ ትናንሽ ካሌንደሮች ይኖሩታል፤ በነፃው ብዛታቸው የተወሰነ ነው።

አዳራሽ ያላችሁ ማህበራት ይህን እዩት። አዳራሹን ለሰርግም፣ ለስብሰባም፣ ለመዝሙር ልምምድም ታከራያላችሁ። ቲምአፕ ላይ ዝግጅቶች እንዳይደራረቡ መከልከል ይቻላል። ሁለት ሰርግ በአንድ ቅዳሜ ከመያዝ ያድናችኋል። ጎግል ካሌንደር አንዱን ቀን ለሁለት ሰው ብትሰጡት ዝም ብሎ ይቀበላል።

አደጋው ያው ሊንኩ ነው። የመጻፊያው ሊንክ በስህተት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ፣ ያገኘው ሁሉ መሰረዝ ይችላል። ዌብሳይት ላይ የምትለጥፉት ለማየት ብቻ የሆነውን ሊንክ መሆኑን ሁለት ጊዜ እዩ።

የማይክሮሶፍቱ አውትሉክም ካሌንደርን ለሕዝብ በሊንክ ማሳየት ይችላል። ቢሯችሁ እሱን የሚጠቀም ከሆነ ይበቃችኋል፤ ለዚህ ብላችሁ ግን አዲስ አትጀምሩ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ካለንስ?

"ሰዉ ያለው እዚያ ነው፣ ካሌንደር ለምን?" የሚለኝ ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጎንደር ላይ አንድ ዝግጅት ወሬው የሚደርሰው በቴሌግራም ነው። ዌብሳይት በየቀኑ የሚከፍት ሰው አላውቅም።

ግን ቴሌግራም ወሬ ነጋሪ ነው፣ መዝገብ አይደለም። ሰኞ የለጠፋችሁት ሐሙስ ላይ በሰላሳ መልዕክት ተቀብሯል። "ስንት ሰዓት ነበር?" የሚለው ጥያቄ በየግሩፑ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ፌስቡክ ላይ ደግሞ የገጻችሁን ዝግጅቶች ዌብሳይት ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ፌስቡክ ውስጥ ያልገባ ሰው ብዙ ጊዜ "ግቡ" የሚል መስኮት ይጋረጥበታል። ፌስቡክ የሌላቸው እናት ሊያዩት አይችሉም።

እኔ ሁለቱን አብሬ ነው የምጠቀም። ዝግጅቱ መጀመሪያ ካሌንደር ላይ ይገባል። ከዚያ የካሌንደሩ ሊንክ በቴሌግራም ይላካል። ሰዓት ሲቀየር የሚታረመው ካሌንደሩ ነው፤ የቴሌግራሙ መልዕክት "ተቀይሯል፣ እዩት" ብቻ ይላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካሌንደሩ በሁለት ወር ውስጥ ይረሳል። ይህን ከአንድም ሦስት ማህበር ላይ አይቼዋለሁ።

እኔ ብሆን

የሰፈር እድር ወይም የጽዋ ማህበር ብሆን በእጅ የሚጻፍ ገጽ እወስዳለሁ። በወር አንድ ቀን ለሆነ ነገር ሌላው ጣጣ ነው።

ንባብ ቤት፣ የወጣቶች ክበብ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ብሆን ጎግል ካሌንደር፣ በአጀንዳ እይታ። ለንባብ ቤቱም ያደረግኩት ይህን ነው። ያን ያማረውን የወር ሳጥን አነሳነው። ላይብረሪያኗ አሁን ሁሉንም በስልኳ ትሞላዋለች።

እንግዳ የምቀበል ብሆን፣ ሆስቲንግም ዌብሳይቱን የሚጠብቅ ሰውም ካለኝ፣ የዎርድፕረሱን ፕለጊን። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ተመልሼ ወደ ጎግል ካሌንደር እሄዳለሁ። አዳራሽ የማከራይ ብሆን ቲምአፕ።

የቱንም ብትመርጡ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው ሁለት ይሁን። ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ጎግል ካሌንደር ላይ ሰው በኢሜይሉ ጨምራችሁ "ዝግጅት መቀየር ይችላል" የሚለውን ትሰጡታላችሁ። የማህበሩ ዋና ፓስወርድም በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተሙ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ደግሞ ከመምረጣችሁ በፊት ዝግጅቶቹን በ"አይሲኤስ" ፋይል ማውጣት መቻሉን ጠይቁ። በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ ያለ የካሌንደሮች የጋራ ቋንቋ ነው። እሱ ካለ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የጻፋችሁት አይጠፋም።

አንድ ቀን ደግሞ ለይታችሁ ያዙ። ጳጉሜን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ቁጭ ይበል፤ አንዱ የግድግዳውን የኢትዮጵያ ካሌንደር ይያዝ፣ ሌላው ስልኩን። በየ30 ቀኑ የሚደገሙትን ከመስከረም እንደገና አስጀምሩ። የዘመኑ ወንጌላዊ ማን እንደሆነ እዩ፤ ዮሐንስ ከሆነ መስቀልንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ግፏቸው። ፋሲካን አስገቡ።

ከዚያ የመጪውን ወር ዝርዝር አትሙና በሩ ላይ ለጥፉት። የጎግል ካሌንደር አጀንዳ የማተሚያ ምልክት አለው። ንባብ ቤቱ በር ላይ ያለችውን ወረቀት ከዌብሳይቱ ይልቅ ብዙ ሰው ያነባታል፣ በተለይ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡት እናቶች። ከሥሯ የታተመችበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉባት። ለውጥ ካለ የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው።